ገመዱ በእኛ እጅ ሲሆን



ውድ አንባብያን፣ ጊዜው ሐምሌ 4 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1991) ጠዋት ነበር። የዚያ ዓመት ሐጅ ተፈጽሞ ሁጃጆች ወደየአገራቸው በመመለስ ላይ ነበሩ። በጅዳ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ዲሲ-8 አውሮፕላን 247 መንገደኞችንና 14 ሠራተኞችን ይዞ ለመነሳት ተዘጋጅቷል። መንገደኞቹ ናይጄሪያውያን ሙስሊሞች ናቸው። የሚሄዱት ወደ ሶኮቶ ነው፤ ሸኽ ዑስማን ዳንፎዲዮ ያቆሙት የኸሊፋ መንግሥት መናገሻ ወደነበረችው ከተማ። አውሮፕላኑ የናይጄሪያ አየር መንገድን ስም ይዞ ይብረር እንጂ ንብረትነቱ ኔሽንኤር የተባለ የካናዳ ድርጅት ነበር። ለሐጅ ወቅት በኪራይ የመጣ ነው።

ከሐጅ የሚመለስ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ከአገራችንም በየዓመቱ ሁጃጆች ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳ ይበራሉ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ልጆቹ በር በሩን እያዩ፣ «ዛሬ ይገባሉ» እየተባለ ይጠበቃል። ሶኮቶም በዚያ ቀን እንዲሁ ትጠብቅ ነበር።

የተጠበቁት አልደረሱም። አውሮፕላኑ ከተነሳ ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ በእሳት ተያይዞ፣ ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር፣ ከመንደርደሪያው 3 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ። ከ261 ሰዎች አንድም የተረፈ የለም። አላህ ይዘንላቸው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ምን ነበር? ሞተር አይደለም፤ ማዕበልም አይደለም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ነው።

የጎደለው ንፋስ

አውሮፕላኑ ከሁለቱ ክንፎቹ ሥር አራት አራት፣ በድምሩ 8 ዋና ጎማዎች አሉት። የአውሮፕላን ጎማ የሚሞላው በናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን እሳት አያቀጣጥልም፣ እርጥበትም የለበትም። በበረራው ዋዜማ በነበሩት ቀናት ዋናው መካኒክ 2ኛውና 4ኛው ጎማ ለበረራ ከሚፈቀደው መጠን በታች መሆናቸውን አውቆ ነበር። ለመሙላት ፈለገ። ናይትሮጅን ግን በቅርብ አልተገኘም። የሥራው ኃላፊ መዘግየቱን አልወደደም፤ ጎማዎቹ ሳይሞሉ አውሮፕላኑ ለጉዞ ተለቀቀ።

ንፋሱ የጎደለ ጎማ ምን ያደርጋል? የቤት መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ጭነቱ በከበደ፣ ፍጥነቱ በጨመረ፣ መንገዱ በረዘመ መጠን ሙቀቱ ይብሳል። ይህም ብቻ አይደለም። የደከመው ጎማ መሸከም ያቃተውን ጭነት በዚያው አክስል ላይ ያለው ባልንጀራው ይሸከምለታል። ስለዚህ የ2ኛው ጎማ ጉድለት 1ኛውንም ጎማ ገደለው። አውሮፕላኑ ገና ሲንደረደር 1ኛው ጎማ ፈነዳ፤ 2ኛውም ወዲያው ተከተለው። 2ኛው መንኮራኩር መዞሩን ትቶ በአስፋልቱ ላይ እየተጎተተ ተፋጨ፤ እሳትም ተነሳ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሙቀትን ወይም እሳትን የሚያስታውቅ መሣሪያ አልነበረም። አብራሪዎቹ መቃጠሉን ሳያውቁ እንደ ወትሮው እግሮቹን አጠፉ፤ እሳቱም ተጠቅልሎ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ፣ ወደ ነዳጁ አጠገብ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር።

አስተውሉ! ጉድለቱ ተለክቷል። ለካው ሰው ነበረ፣ ቁጥሩም ታውቋል፣ መድኃኒቱም ይታወቃል። የጎደለው ልኬቱን ተከትሎ የሚደረገው ነገር ብቻ ነው። ቁርኣን ውስጥ ስለ ሚዛን አጉዳዮች ብቻ የሚያወሳ ስም ያለው ምዕራፍ አለ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን። ይህን ስናነብ በአእምሯችን የሚመጣው የገበያ ሚዛን፣ ስኳርና ጤፍ ነው። ነገር ግን ለጎማ የሚገባውን ንፋስ ማጉደልስ ከሚዛን ማጉደል በምን ይለያል? ስኳር የጎደለበት ሰው ቢያንስ ቤቱ ገብቶ መልሶ መመዘን ይችላል።

የመድረሳው ጥያቄ

ይህን ታሪክ ከዐስር ሶላት በኋላ ለመድረሳ ልጆች ነገርኳቸው። አንድ 15 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ እጁን አወጣ።

«ኡስታዝ፣ አጀላቸው ደርሶ ከሆነ ጎማው ቢሞላም ባይሞላም ይሞቱ ነበር። ታዲያ መካኒኩ ምን አጠፋ?»

ጥያቄው የድፍረት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔም የመጣልኝን ከመመለሴ በፊት አንዲት ተማሪ ቀደመችኝ፤ ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ እንደሆነ የጠየቀውን ሰው ታሪክ አነሳች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስሮ በአላህ እንዲመካ እንደነገሩት ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ክፍሉ በመልሱ ረካ።

ልጁ ግን አልረካም። ትንሽ አሰበና እንዲህ አለ፦ «ግመሉ የራሱ የሰውየው ነው። ሁጃጆቹ ግን ጎማውን ወርደው ሊያዩ አይችሉም። ገመዱ የነበረው በሌላ ሰው እጅ ነው።»

ሱብሃነላህ! ልጁ በራሱ ጥያቄ የአማናን ትርጉም አገኘው። አማና ማለት የሌላውን ሰው ግመል ገመድ መያዝ ነው። ባለቤቱ ሶላቱን እየሰገደ፣ ወይም ተኝቶ፣ ወይም በአውሮፕላኑ መቀመጫ ላይ ተስቢህ እያደረገ ሳለ፣ ገመዱ እኛ እጅ ላይ ነው። መታሰሩንም አለመታሰሩንም እሱ ማወቅ አይችልም።

ስለ አጀል ግን መልስ ይፈልግ ነበርና ሁለት ነገር ነገርኩት።

የመጀመሪያው የሰይድና ዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሰዎችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱላቸው። ናይትሮጅን እስኪመጣ ተጓዡን ማቆየትም የአላህ ቀደር ይሆን ነበር።

ሁለተኛው የሸሪዓ ሕግ ነው። በስህተት ሰው የገደለ ሰው ሆን ብሎ እንዳልገደለ የታወቀ ነው። ሟቹም በአጀሉ እንደሞተ እናምናለን። ሆኖም በሱረቱ ኒሳእ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ለቤተሰቡ ጉማ እንዲከፈል፣ ገዳዩም ከፋራ እንዲያወጣ ደንግጓል። «አጀሉ ነው» ማለት ተጠያቂነትን የሚሰርዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሕግ ለምን አስፈለገ? አጀልን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የጎማው መለኪያ ግን በሰው እጅ ነበር። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ስለነበረው ነው።

በእነዚያ ግለሰቦች ላይ ፍርድ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ከስሮ ተዘግቷል። ለእኛ የቀረልን ትምህርቱ ነው።

ያልተጻፈው ቃል

ከጅዳው አደጋ ልክ 2 ወር በኋላ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991)፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ውስጥ አንዲት ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን አየር ላይ ተበታትና 14 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱን ያገኙት መርማሪዎች ብዙ አልተቸገሩም። ከጭራዋ አግድም ክንፍ ከግራው ወገን፣ የፊቱን ጠርዝ ከላይ የሚይዙት 47 ብሎኖች በቦታቸው የሉም።

ብሎኖቹን ማን ፈታቸው? በዋዜማው ሌሊት በሂዩስተን ከተማ በረዶ የሚያራግፈውን የላስቲክ ሽፋን ለመቀየር ሥራ ተጀምሮ ነበር። አንድ ተቆጣጣሪ ለመርዳት ብሎ የግራውን ወገን ብሎኖች ፈታ። ሥራው ሳያልቅ ፈረቃው ተለወጠ። የግራው ብሎኖች መፈታታቸው ለተረካቢው ፈረቃ በሚገባ አልተጻፈም፣ አልተነገረም። ተረካቢዎቹ የቀኙን ወገን ሠርተው ገጠሙና ጨረሱ። ጭራው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ሌሊትም በመሆኑ፣ ከምድር ሆኖ ጉድለቱን ያየ አልነበረም። አውሮፕላኗ ጠዋት መንገደኛ ጫነች። የመጀመሪያውን ጉዞ በሰላም ፈጸመች፤ በመልሱ ግን ያ ጠርዝ ተገንጥሎ ወደቀ።

እዚህ ላይ ክፉ ሰው አላየንም። እንዲያውም ጥፋቱ የተጀመረው በመርዳት ነው። የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃላችሁ? ስለ ጀነት አይደለም፤ ስለ ጀሀነምም አይደለም። በሱረቱል በቀራ የሚገኘው ይህ አንቀጽ የሚናገረው ብድርን ስለ መጻፍ ነው፤ ትንሽም ቢሆን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች፣ ጸሐፊውም አልጽፍም እንዳይል፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዛል። ለብዙ ዓመታት ይህን አንቀጽ የነጋዴዎች ብቻ አድርጌ እቀራው ነበር። የቴክሳሱን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ግን ሥራ ለሥራ ተረካቢ የሚያስረክብ ሁሉ ያለበት ሆኖ ታየኝ። ጀምሮ ያልጨረሰው ሥራ በሠራተኛ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ይጻፋል።

በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ይህ ወግ ጥንቱንም ነበረ። እያንዳንዱ ሥራ ካርድ አለው፤ የሠራው ይፈርማል፤ ለሕይወት አስጊ በሆኑት ክፍሎች ላይ ደግሞ ሥራውን ያልሠራ ሁለተኛ ባለሙያ መርምሮ ይፈርማል። ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። ሰው የገዛ ሥራውን ሲያይ የሚያየው የሠራውን ሳይሆን ሊሠራ ያሰበውን ስለሆነ ነው። በቴክሳስ ግን የሁለተኛው ዓይን ባለቤት ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር ብሎን ፈቺ ሆነ፤ የሚመረምረው ጠፋ።

አይቶ ዝም ያለ ዓይን

ሦስተኛው ታሪክ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988) በሃዋይ ደሴቶች የሆነ ነው። የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 95 ሰዎች ይዞ ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ሲበር በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ የፊተኛው ክፍል ጣሪያ ተገንጥሎ ሄደ። መንገደኞቹ በቀበቶ ታስረው ሰማይ ከላያቸው ተከፍቶ ተቀመጡ። አንዲት አስተናጋጅ በንፋሱ ተወስዳ ሞተች፤ 65 ሰዎች ቆሰሉ። አብራሪዎቹ በአላህ ፈቃድ አውሮፕላኑን በማዊ ደሴት አሳረፉት።

ይህ አውሮፕላን ከ89,000 ጊዜ በላይ ተነስቶ አርፏል። በተነሳ ቁጥር ገላው ይነፋል፣ ባረፈ ቁጥር ይሟሽሻል። በዚያ ላይ የባሕር ጨው ያለበት አየር አለ። የገላውን ቆርቆሮ የሚያያይዘው ማጣበቂያ ለቀቀ፤ ከሪቬት ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ስንጥቆች ተነሱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደ ደመደመው የአየር መንገዱ የጥገና ሥርዓት ይህን ጉዳት ሳያገኘው ቀርቷል። ምርመራው በአብዛኛው በሌሊት የሚሠራ ነበር። መቶዎችን እየተከተለ አንድ ዓይነት ነጥብ የሚያይ ዓይን ይደክማል፤ መቶ ጊዜ «ደህና ነው» ያለ ሰው መቶ አንደኛውንም ሳያይ «ደህና ነው» ይላል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ይህ ነው። አንዲት መንገደኛ ወደ አውሮፕላኑ ስትገባ በበሩ አጠገብ በገላው ላይ ረጅም ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም ሳትናገር ገብታ ተቀመጠች። የተናገረችው ከአደጋው በኋላ ነው።

ሴትዮዋን አንውቀሳት። እኛስ ብንሆን? «እነሱ ያውቃሉ፣ እኔ ማን ነኝ» እንል ነበር። ምስክርነትን መደበቅ ቁርኣን የሚከለክለው ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ምስክርነትን የምናስበው ፍርድ ቤት ቆሞ ስለ መማል ብቻ ነው። ያየኸውን ስንጥቅ ለሚመለከተው ሰው መናገርም ምስክርነት ነው። ቢሳሳቱ ያለው ኪሳራ የአንድ ደቂቃ እፍረት ነው።

ቀይ እስክሪብቶ

እስከ አሁን ስለ ሌሎች ተናገርኩ። ስለ ራሴ ካልተናገርኩ ግን ሚዛን አጎደልኩ ማለት ነው።

በቀኑ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች አሉ። የተማሪ ደብተር መሰብሰብና ማረም ግዴታ ነው። አንድ ጊዜ ጊዜው አጥሮብኝ ደብተሮቹን ሳላነብ ገጽ እየገለጥኩ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» እያልኩ ፈረምኩ። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ጨረስኳቸው።

ከፈተና በኋላ አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ መጣ። የግፊትን ቀመር ኃይል ለስፋት ሲካፈል ማለት ሲገባው «ኃይል በስፋት ሲባዛ» ብሎ ጽፎታል። በዚያው ተሳስቶ ሦስት ጥያቄ ወድቋል። ቁጣ የለበትም፤ ጣቱን በፊርማዬ ላይ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ነበር እኮ» አለኝ።

ምን ልመልስለት? አላየሁትም። ያላየሁትን «አይቻለሁ» ብዬ መስክሬአለሁ። ይህ ደግሞ ያ ጎማ የጎደለው ግፊት፣ ያው ቀመር ነበር። በሃንጋርና በእኔ ጠረጴዛ መካከል ያለው ልዩነት እኔ ስሳሳት አውሮፕላን አለመውደቁ ብቻ ነው። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ማርኩንም እንደሚገባው አስተካከልኩለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉንም ማንበብ ባልቻልኩ ጊዜ ያነበብኩትን ብቻ እፈርማለሁ፤ ያላነበብኩትን ባዶውን እተወዋለሁ። ባዶ ቦታ ውሸት አይናገርም።

ማን ያየናል?

በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ስለነበረችው ልጅ የሚነገረውን ታሪክ እናቶች ለልጆቻቸው ይተርኩታል። እናቷ ወተቱ ላይ ውኃ እንድትጨምር ስታዛት፣ ኸሊፋው ባያዩን የኸሊፋው ጌታ ያየናል ብላ እምቢ አለች። የጥገና ሠራተኛም ሥራው የእሷን ይመስላል። ሌሊት ነው፤ ሰው የለም፤ የጭራው ክንፍ ከምድር አይታይም፤ ተጓዡ ተኝቷል። ጅብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ኢህሳን በጠየቁ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ ይህንኑ ነው የሚያስተምረው፤ አላህን እንደምናየው ሆነን ልንገዛው፣ ባናየው እሱ እንደሚያየን አውቀን። ኢህሳን በመስጊድ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ለማረፊያ ሜዳው ምን ይተርፈው ነበር?

ውድ ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ ከእናንተ መካከል ነገ የአውሮፕላን ቴክኒሻን የሚሆን፣ መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚያድል፣ የሕንፃ ብረት የሚቆጥር፣ የሚኒባስ ፍሬን የሚያጠብቅ ይኖራል። አለቃችሁ «ጊዜ የለም፣ ልቀቀው» የሚላችሁ ቀን ይመጣል። ያን ቀን ለአለቃችሁ በአክብሮት «አልፈርምም» ማለት እንድትችሉ ከአሁኑ ተለማመዱ። ባልጨረሳችሁት የቤት ሥራ ላይ «ጨረስኩ» አትበሉ።

ውድ ወላጆች፣ ልጅ የቤቱን ጋዝ ዘግቶ እንደሆነ ስትጠይቁት ሳያይ «ዘግቻለሁ» ካለ፣ ጋዙ ተዘግቶ ብታገኙት እንኳ አትለፉት። ሄዶ አይቶ እንዲመጣ አድርጉ። «አላየሁም፣ ልየው» ላለ ልጅ ደግሞ ቁጣ ሳይሆን ምርቃት ስጡት። እውነት ተናግሮ የተቆጣ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን ይደብቃል፤ ሲያድግም ብሎን እንደጎደለ ያውቃል፣ ግን አይናገርም።

ያ የመድረሳ ልጅ አሁንም ይጠይቀኛል፤ አላህ ያሳድገው። ያለን ሁሉ በሰው እጅ ያለ ገመድ ነው፤ በእኛም እጅ የሰው ገመድ አለ። ከሶኮቶ ቤቶች ውስጥ በዚያ ቀን ሲጠበቁ ለቀሩት ሁሉ አላህ (ሱ.ወ.) ጀነቱል ፊርደውስን ይስጣቸው። አማናችንን ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።